ሦስተኛው «እንዴት ነሽ»

ለንደን ውስጥ ሐኪም ከማግኘት ግመልን በመርፌ ቀዳዳ ማሳለፍ ይቀላል እያሉ የሚያማርሩ ሞልተዋል። ዘሀራ ከነሱ ወገን አይደለችም። ዘሀራ ማማረር የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ ጣጣዋም ይኸው ነበር።

ዋይት ሲቲ በሚባለው ሰፈር፣ ከአሮጌዎቹ ባለ ቀይ ጡብ ፎቆች በአንዱ ከባሏ ከጀሚል ጋር ትኖራለች። እሱ ባስ ይነዳል። እሷ ሼፐርድስ ቡሽ ገበያ ውስጥ፣ ስፋቷ ከአንድ የልብስ ስፌት ማሽንና ከአንድ ሰው በማይበልጥ ሱቅ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ቀሚስ ታጠባለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። የባቲ ልጅ ናት። የባቲ ሰው ደግሞ «አፊያ ነሽ?» ሲባል፣ ቤቱ ቢቃጠልም ጥርሱ ቢረግፍም መልሱ «አልሐምዱሊላህ» ነው። እውነቱን ማወቅ የፈለገ ጠያቂ መጠየቁን አያቆምም። ቤቱስ ይላል፣ ልጆቹስ ይላል፣ ከብቱንም ዝናቡንም ያዳርስና ዞሮ ይመጣል፤ «አንቺስ፣ እውነት አፊያ ነሽ?» ይላል። ይኼኔ ነው እንግዲህ፣ በሦስተኛው ላይ፣ «ምን እባክህ፣ ወገቤን ይዞኝ ከርሜልሃለሁ» የሚባለው። ገና ሰላምታ ሳይጠገብ በሽታን መዘርገፍ ነውር ነው፤ አላህ በሰጠው ላይ እንደማጉረምረም ይቆጠራል። ይህን ያላወቀ የኛን ሰው አላወቀም።

የእንግሊዝ ሐኪም የሚጠይቀው አንድ ጊዜ ነው። ምን ያድርግ? የተሰፈረለት አሥር ደቂቃ ነው፤ ውጭ ሰው ተኮልኩሏል፤ መጠበቂያው ግድግዳ ላይም በአንድ ቀጠሮ አንድ ሕመም ብቻ እንድታነሱ የሚል ማሳሰቢያ ተለጥፏል። እስቲ ፍረዱ፤ ሕመም አንድ በአንድ ተሰልፎ ይመጣል እንዴ!

ነገሩን ከባድ ያደረገው ዓፊፋ ናት። ዓፊፋ የዘሀራ አንድ ልጅ ናት፤ ባተርሲ ከባሏ ከአልአሚን ጋር ትኖራለች፤ ያን ሰሞን የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ስትወልድ እናቷ ቤት መጥታ አርባ ቀን ልትታረስ፣ ዘሀራም ሱቋን ዘግታ ልታርሳት ተነጋግረው ጨርሰዋል። ለሌላው ሰው ይኼ ወግ ነው። ለዘሀራ ግን ስለት ነበር። ዓፊፋን የወለደች ጊዜ ጀሚል ገና ካርቱም ነበር፤ እሷ ክሮይደን፣ ኢሚግሬሽን ቢሮው አጠገብ፣ ስደተኛ በሚያሳርፉበት ሆስቴል አንዲት ክፍል ይዛ ትኖር ነበር። ከሆስፒታል ስትወጣ ሕፃኗን በአንድ ክንዷ፣ ቦርሳዋን በሌላው ይዛ፣ ቁስሏ እየጠዘጠዛት በትራም ነው የተመለሰችው። ውሃ የሚያቀብላት አልነበረም። አጥሚት ቀርቶ ትኩስ ሻይ የሚያፈላላት አልነበረም። ያኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ «ልጄ ብቻዋን አትታረስም» ብላ ለራሷ ቃል ገባች። ሰው ብዙ ቃል ይገባል፤ ይህን ግን አንድም ቀን አልረሳችውም።

ዐረፋ ያን ዓመት ሰኔ ላይ ዋለ። ሰላቱ ተሰግዶ፣ ተበልቶ፣ በማግስቱ እንደየዓመቱ ልማድ የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ ምሳውን ይዞ ሪችመንድ ፓርክ ወጣ። ልጆቹ ኳሳቸውን ያሳድዳሉ፤ ወንዶቹ ፖለቲካ ይፈጫሉ፤ አጋዘኖቹ ከሩቅ ቆመው ይህን ሁሉ ጉድ ያያሉ። ዘሀራ ጫማዋን አውልቃ፣ ረጅሙ ሣር ውስጥ ጥላ ፈልጋ፣ እስኪመሽ ተጋደመች። እንደዚያ ቀን የተደሰተችበት ጊዜ የለም። በዓሉ፣ ፀሐዩ፣ አጠገቧ የተጋደመችው የልጇ የገፋ ሆድ፣ ሁሉም ተሰብስቦ ልቧን ሞላት።

በሚቀጥለው ቀን ገላዋን ስትታጠብ ከጉልበቷ በስተጀርባ ሰሊጥ የምታህል ነገር ተጣብቃ አገኘች። የከብት አርቢ ልጅ መዥገር አይጠፋትም። በጥፍሯ ነቅላ ጣለቻትና ለማንም ትንፍሽ አላለችም። አንደኛ ነገር፣ በሷ ዕውቀት መዥገር የላም ነው። አባቷ ከላም ጡት ስር እየለቀመ እሳት ውስጥ ሲጨምር አይታለች፤ ሰው ታሞበት ግን አልሰማችም። ሁለተኛው ነገር ኀፍረት ነው። መዥገር በስድብ እንጂ በቁም ነገር የሚነሳ ስም አይደለም። ለንደን ድረስ መጥታ፣ ሰው አልብሳ የምታሳምር ሴት፣ መዥገር ወጣብኝ ብላ ለማን ልታወራ? ሆድ ይፍጀው አለች።

ሳምንት አለፍ ሲል እዚያው ቦታ ላይ የበለዘ የሚመስል ነገር ወጣ። አያሳክክም፣ አያምም፤ እየሰፋ ሄዶ መዳፍ አከለ። በጥቁር ገላ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ጥላ ነው እንጂ ሌላ መልክ የለውም። የማሽኑ ወንበር ጠርዝ የመታት መሰላትና ተወችው። ብዙም ሳይቆይ ጠፋ።

ድካሙ የጀመራት ከዚያ ወዲህ ነው። ተኝታ የማትጠግበው፣ ተነስታ የማይለቃት ድካም። አንገቷን ይቆረጥማታል፤ ያልባታል፤ ወዲያው ደግሞ ይበርዳታል። ጀሚል «ብርድ ነው» አለ። ለጀሚል የበሽታ ሁሉ ስም ብርድ ነው፤ በለንደን የበጋ ፀሐይ መሃል እንኳ ብርድ ነው። ዓፊፋ ግን አልተዋጠላትም፤ ጠዋት ጠዋት ስልክ ይዛ ወረፋ እየጠበቀች ቀጠሮ አስያዘችና አብራ ሄደች፤ እናቷ እንግሊዝኛ ለገበያ እንጂ ለበሽታ አይበቃትም።

ሐኪሟ ደግ ሴት ናት፤ አትርገሙብኝ። ወደ ኮምፒዩተሯ እያየች እንዴት ነሽ አለቻት። ዘሀራ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ዓፊፋ ይህን ቃል ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትሰማ ያደገችው እንደ «ደህና ነኝ» ነውና፣ ደህና ናት፣ ትንሽ ደክሟታል ብላ በእንግሊዝኛ አስተላለፈች። ዘሀራ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀች። ሁለተኛው አልመጣም። ደም ተቀዳ፣ የቪታሚን ክኒን ታዘዘ፣ የዕድሜም ነገር አለበት ተባለ፤ አሥሩ ደቂቃ አለቀ። ዘሀራ ሐኪሟን መርቃ ወጣች። መመረቅስ ማን ይችላታል!

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሻይ ስትጠጣ ሻዩ በአፏ ጥግ ፈሰሰ። በመስታወት ብታይ የቀኝ ፊቷ ወርዷል፤ ቀኝ ዓይኗ አልከደን ብሏል። ጀሚል ያን ቀን ብርድ የሚለውን ቃል ረሳው፤ አንስቶ ሆስፒታል አደረሳት። እዚያ ተሯሩጠው የጭንቅላት ደም መፍሰስ እንዳልሆነ አረጋገጡላት። የፊት ነርቭ ነው፣ ብዙ ጊዜ በራሱ ይመለሳል አሏት፤ ክኒንም ሰጧት። ሌላ የሚያምሽ አለ ወይ ብለው በሩጫ ሲጠይቋት ምን ብትል ጥሩ ነው? የተጣመመው አፏ እንኳ ሳይታዘዛት፣ «አልሐምዱሊላህ» አለች።

ወሬው ሲሰማ ጠያቂው ጎረፈ። አንዷ ምች ነው ብላ ደምደም አደረገችው፤ ሌላዋ ዓይን ነው አለች፤ ሦስተኛዋ ጥቁር አዝሙድ በማር ይዛ መጣች። ሁሉም ከአንጀታቸው ነው፤ ዘሀራም ሁሉንም ተቀበለች። ያልነገረቻቸው ግን ቀኝ ክንዷ ከፊቷ ጋር እየከዳት መሆኑን ነው። ሌሊት ከትከሻዋ እስከ ጣቶቿ ያቃጥላታል፤ ቀን መርፌው ከእጇ ይወድቃል። የደንበኛ ሱሪ አበላሽታ በራሷ ወጪ ጨርቅ ገዝታ ተካች።

አንድ ቀን ጀሚል ሥራ ላይ እያለ፣ ያራስ ልጅ የምታህል የሩዝ ከረጢት በፎጣ ጠቀለለች። ጭንቅላቱ በዚህ በኩል ነው አለች፤ እግሩ በዚያ። አቀፈችው። ከወጥ ቤት እስከ መስኮቱ በደህና ወሰደችው። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ክንዷ ሳያስጠነቅቃት ተለቀቀ፤ ከረጢቱ ወለሉ ላይ ፈንድቶ ሩዙ ተበተነ። ቁጭ ብላ በግራ እጇ ለቀመችው። እየለቀመች አለቀሰች፤ ዘሀራ ያለቀሰችው ስለ ሩዙ እንዳልሆነ መቼም ይገባችኋል። የዓፊፋ መውለጃ ወሩ ገብቶ ነበር። «ልጇን ብጥልባትስ?» የሚለው ሐሳብ ከዚያ ቀን ወዲያ አልለቀቃትም። ጡረታ እንደወጣ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ሌላ ሰው ልጇን ሲያርስ ልታይ ነው።

ቀጣዩ ቀጠሮ ዓፊፋ ራሷ አዋላጇ ዘንድ ከምትሄድበት ቀን ጋር ገጠመ። ዘሀራ ቀጠሮውን ልታሰርዝ ክሊኒኩ ድረስ ሄደች፤ በስልክ ማስረዳቱን አልቻለችበትም። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ግን በስልክ የሚያስተረጉም ሰው እንደሚቀርብላት፣ ዋጋም እንደማትከፍል ነገረቻት። ለካ ከድሮም የነበረ ነገር ነው! መኖሩን ግን የጠየቀ አልነበረም፤ የነገራትም አልነበረም። ዘሀራ ደስ አላላትም። ለንደን ጠባብ ናት፤ የማታውቀው ሐበሻ ገመናዋን ሰምቶ ነገ ገበያ መሃል ቢያገኛትስ? ሩዙ ትዝ ሲላት ነው እሺ ያለችው።

ሐኪሙ አዲስ ነበር። ዶክተር ማክሬ ይባላል፤ ቀይ ፂም ያለው፣ ስኮትላንድ ተራራ ስር ያደገ ጎልማሳ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ድምፁን ከፈተው። ከወዲያ የመጣው የአንዲት የጠና ዕድሜ ያላት የአዲስ አበባ ሴት ድምፅ ነው። ራሷን በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር አስተዋወቀች። የምትሰማው ሁሉ እዚያው እንደሚቀር ለዘሀራ ነገረቻትና፣ «እህቴ፣ ሳይጨነቁ ይናገሩ» አለቻት።

ዶክተሩ እንዴት ነሽ ብሎ ጀመረ። ዘሀራ አፏን በመሐረብ ደግፋ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ አፊያ ነኝ» አለች።

ሴትዮዋ ቃሉን እንዳለ አስተላለፈች። ቀጥላ ደግሞ በእንግሊዝኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። ዘሀራ ደነገጠች፤ ምን አወራችብኝ ብላ። ሴትዮዋ ወዲያው ወደ አማርኛው ተመለሰች።

«ለዶክተሩ ያልኩትን ልንገርዎት፤ ከጀርባዎ ምንም አልናገርም። የኛ ሰው ታሞም ድኖም መጀመሪያ ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ ስለዚህ እሳቸው ሰላምታህን መለሱ እንጂ ጥያቄህን ገና አልመለሱም አልኩት። ከፈቀዱ እንደገና ይጠይቃል።»

ሐኪሙ ፈገግ አለ። ወንበሩን ከኮምፒዩተሩ አዞረና እንደገና ጠየቃት። ዘሀራ ደህና ነኝ፣ ድካም ብጤ ነው እንጂ አለች። ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ ሲያይ አየችው፤ አበቃ ብላ ቦርሳዋን ያዘች። እሱ ግን ሦስተኛ ጠየቃት። የሴትዮዋ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ቀስ ብሎ መጣ፤ «ድሮ ያደርጉት የነበረ፣ አሁን ያቃተዎት ነገር ምንድን ነው ይላል።»

ለዚህ ጥያቄ አልሐምዱሊላህ መልስ አይሆንም። ዘሀራ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ «ልጅ ማቀፍ» አለች፤ ግድቡም ተነደለ። ስለ ሩዙ ተናገረች። ስለ ክንዷ፣ ስለ ሌሊቱ ሕመም፣ ስለ አንገቷ፣ ዓይኗ ሳይከደን ስለሚነጋባት ሌሊት ተናገረች። ክሮይደንን ሳይቀር ተናገረች። ሴትዮዋ አንዲት ቃል ሳታስቀር ተከተለቻት። ሐኪሙ በአንድ ቀጠሮ ስንት ሕመም እንደተነሳ አልቆጠረም።

ስታበቃ ሐኪሙ በጋውን የት ዋላችሁ ብሎ ጠየቀ። ፓርክ። አጋዘን ያለበት? አዎ። የነከሰሽ ነገር ነበር? ዘሀራ አቀርቅራ መሐረቧን ማጠፍ ጀመረች። መዥገር የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ከዚያ ሴትዮዋ፣ ከሥራዋ ደንብ ወጣ ብላም ይሆናል፣ «እኔም ከብት አይቼ ያደግሁ ነኝ እህቴ» አለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

«መዥገር ነበረች» አለች ዘሀራ። «ነቅዬ ጣልኳት። አፍሬ ነው።»

ሐኪሙ ያን ቃል በእንግሊዝኛ ሲሰማ ቀና ብሎ ተቀመጠ። እሱ ባደገበት አገር ልጆች ከሜዳ ሲገቡ እናቶቻቸው ከጉልበት በስተጀርባና ከብብት ስር ይፈትሿቸዋል፤ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ እሱንም ስንት ጊዜ ነክሳዋለች። በሽታው በእንግሊዝኛ «ላይም» ይባላል አላት፤ መዥገሯ የምታስተላልፈው ነው። ከዚያ ቆዳዋ ላይ ምን እንደወጣ ጠየቃት፤ የበለዘውን ነገር ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ። ሐኪሞች የሚማሩበት ሥዕል ብዙውን ጊዜ በነጭ ገላ ላይ ያለ ቀይ ቀለበት ነው አለ፤ በሷ ገላ ላይ ግን የበለዘ መስሎ ነው የሚታየው። ያን ምልክት ያየ ሐኪም ያለ ምንም ምርመራ መድኃኒት እንዲጀምር መመሪያው ይፈቅድለታል። የሷን ያየ አልነበረም። የደም ምርመራውም ቢሆን በሽታውን የሚያመጣውን ተሕዋስ ሳይሆን ገላዋ ለሱ የሰጠውን መልስ ነው የሚፈልገው፤ መልሱ የሚዘገይበት ጊዜ አለ፤ በሁለት ደረጃ ስለሚሠራም ውጤቱ ይቆያል። አንቲባዮቲክ ደግሞ እንደ ከረሜላ እንዳይታደል የበላዮቹ ይቆጣጠራሉ፤ ልክም ናቸው።

«ታዲያ ምርመራው እስኪመጣ ልጠብቅ?» አለች ዘሀራ። ልጁ አይጠብቅም ማለቷ ነበር።

ሐኪሙ የኪስ ስልኩን ይዞ ወጣና የነርቭና የዚህ በሽታ አዋቂ ከሆኑት ጋር ተነጋግሮ ተመለሰ። አትጠብቂም አላት። ደሙ ዛሬ ይቀዳል፣ መድኃኒቱም ዛሬ ይጀመራል፤ ለሦስት ሳምንት። ቀጠሮው አሥሩን ደቂቃ ካለፈ ቆይቷል፤ ውጭ የተቀመጡት ሰዎች እንዴት እንደሚያዩዋት አስባ ሰቀቀን ያዛት። ስልኩ ሊዘጋ ሲል ሴትዮዋ፣ «እግዜር ይማርዎት፤ የልጅ ልጅዎን ለማቀፍ ያብቃዎት» አለች። ዘሀራ አሚን ብላ ስምሽ ማን ነው ልትል አፏን ስትከፍት መስመሩ ተቋረጠ።

ክኒኑን በብዙ ውሃ እየዋጠች፣ ከፀሐይ እየተሸሸገች ሰነበተች። ሆዷን ረበሻት። መጀመሪያ ሌሊት ሌሊት የሚያቃጥላት ነገር በረደላት። ከዚያ አንድ ጠዋት ቀኝ ዓይኗ ከነጉድለቱ ከደን አለ። ይህን ደስታ ገና አጣጥማ ሳትጨርስ ነው ከክሊኒኩ የስልክ መልእክት የመጣው፤ የደም ምርመራሽ በሽታውን አላረጋገጠም የሚል። ጀሚል ያልያዘሽን በሽታ መድኃኒት ለምን ትውጫለሽ አለ። ዓፊፋም ግራ ተጋባች። የቀረው ክኒን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ዘሀራ እሱን ታያለች፣ ክንዷን ታያለች። ብትተወውና ክንዷ ቢመለስባትስ? ብትውጠውና በከንቱ ቢሆንስ?

ዶክተር ማክሬ ያን ዕለት ሥራውን ሲጨርስ ራሱ ደወለ፤ ዓፊፋ አስተረጎመች። መልእክቱ ከማሽን የወጣ ነው፤ ሳያነጋግርሽ መውጣት አልነበረበትም ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ምርመራው አላገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ ከወረቀቱ ይልቅ የተከደነው ዓይንሽ ይመሰክራል፤ ጨርሺው አላት። ሌላ ደም ከሳምንታት በኋላ እንዲቀዳም አዘዘ። ዘሀራ ጨረሰችው። ያ ሁለተኛው ደም በኋላ ጊዜውን ጠብቆ ሲመጣ ሁለቱንም ደረጃ አልፎ፣ አዎ፣ «ላይም» ነው አለ። ይምጣም አይምጣም፣ እሷ ከዚያ በፊት የራሷን ምርመራ አድርጋ ጨርሳ ነበር። ሩዙን በፎጣ ጠቅልላ፣ ከወጥ ቤት እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ መኝታ ቤቱ፣ ከመኝታ ቤቱ መልሳ። አልወደቀም። ጀሚል ከሥራ ሲገባ ሚስቱን ሩዝ አቅፋ እሹሩሩ ስትል አገኛትና እጁን ሊታጠብ አለፈ።

ያችን ሴት ልታመሰግን ሞከረች። ለሐኪሙ በገዛ እጇ ሸሚዝ ሰፍታለታለች፤ እጅጌው ትንሽ ቢረዝምም ለብሶት ታይቷል። ለሴትዮዋ ግን ምን ልትሰፋ? ልኳን አታውቅ፣ መልኳን አታውቅ። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ምስጋናዋን ለአስተርጓሚዎቹ ድርጅት እንደምታስተላልፍ ቃል ገባችላት፤ ስም ግን እንደማይሰጡ ነገረቻት። ዘሀራ በየሰላቱ መጨረሻ እጇን ስትዘረጋ፣ «ያችን ድምፅ» እያለች ታነሳታለች። ስሟን አላህ ያውቀዋል።

ዓፊፋ በኅዳር መጀመሪያ ሴት ልጅ ወለደች። ስሟን ሶፍያ አሏት። እናቷ ቤት ገባች፤ ዘሀራም ሱቋን ዘጋች። አጥሚቱ ተፈላ፣ ገንፎው ተገነፋ፣ ጠያቂው ጎረፈ። የዘሀራ ፊት ጥቂት ዘመም ያለ ቢሆንም፣ ስትስቅ ብቻ ነው የሚታወቀው፤ ያን ሰሞን ደግሞ ስትስቅ ነው የከረመችው። ልጅቱን ከክንዷ አላወረደቻትም።

በሳምንቱ አዋላጅ ነርሷ ለጥየቃ መጣች። ቀልጣፋ ናት፤ ሕፃኗን መዘነች፣ እምብርቷን አየች፣ ገና ሌሎች ቤቶች ይጠብቋታል። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያደረገች ወደ ዓፊፋ ዞር ብላ፣ አንቺስ እንዴት ነሽ አለቻት። ዓፊፋ ትራሱን ደገፍ እንዳለች ፈገግ አለች።

«አልሐምዱሊላህ» አለች፤ «ደህና ነኝ።»

ዘሀራ በሩ ጋ ቆማ ነበር፤ ሕፃኗ ክንዷ ላይ ተኝታለች። የልጇን ፊት አየች። ከንፈሯ ደርቋል። ብርድ ልብሱን እስከ አንገቷ ስባዋለች። ይኼ ፈገግታ የማን እንደሆነ አጥታው አይደለም፤ የራሷ ነው። እንግሊዝኛዋን ከገበያው እንደምንም ሰብስባ፣ የነርሷን መውጫ እንደዘጋችባት፣ «እንደገና ጠይቂያት» አለች።

ነርሷ ግራ ገባት፤ ግን ጠየቀች። ደህና ነኝ፣ ደክሞኝ ነው አለች ዓፊፋ። ዘሀራ ከበሩ አልተነቃነቀችም። «አንድ ጊዜ ደግሞ» አለች።

ነርሷ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የዓፊፋን እጅ ያዘችና ሦስተኛ ጠየቀቻት። ዓፊፋ እናቷን አየች። ከዚያ ዓይኗ ሞላ። ከትላንት ጀምሮ እየተንቀጠቀጠች ነው፤ ታች ሆዷን ሊነኩት አይቻልም፤ እናቴ ስንት ነገር አልፋ ተነስታ ስታርሰኝ እንዴት አመመኝ ልበል ብላ ነው የደበቀችው። ነርሷ ትኩሳቷን ለካች። ወዲያው ስልኳን አወጣች።

ሳይደርቅ በርጥቡ ተደረሰበት። የማኅፀን ኢንፌክሽን ነበር፤ ሆስፒታል መድኃኒቱን በደም ሥር ሰጧት፤ እዚያ ያዩዋት ሐኪም ብታድር ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር ብለው ለአልአሚን ነግረውታል። ዓፊፋ ጥቂት ቀን ቆይታ ተመለሰች፤ እስክትመለስ ዘሀራ ሕፃኗን ይዛ እየተመላለሰች አስጠባቻት። ቀን በባስ፣ ማታ በአልአሚን መኪና፤ ሶፍያ አንዲት ጊዜ እንኳ ከዚያ ክንድ አላመለጠችም።

ዓፊፋ በተመለሰችበት ምሽት እናትና ልጅ ገንፎ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ዓፊፋ የእናቷን ቀኝ እጅ ስባ ሳመችውና ጉንጯ ላይ አድርጋ ቆየች። ዘሀራ «አብሽሪ» ብላ ማንኪያውን በግራ እጇ አቀበለቻት፤ ቀኟን ልታስለቅቅ አልፈለገችም።

ጀሚል ከሥራ ሲገባ ዘሀራ መስኮቱ ጋ ቆማ ሕፃኗን ታወዛውዛለች። ኮቱን ሳያወልቅ ቆም ብሎ አያት።

«ደከመሽ?» አላት።

«አልሐምዱሊላህ።»

ጀሚል ኮቱን አወለቀ፣ ሰቀለው። እጁን ታጠበ። ተመልሶ አጠገቧ ቆመ።

«ደከመሽ ወይ?»

«ደህና ነኝ፣ ምን አለብኝ!»

ጀሚል አልሄደም። ከሷ ጋር እስካሁን በኖረበት ዘመን ሁሉ ሁለት ጊዜ ጠይቆ አያውቅም ነበር፤ አሁን ግን እንደ ተማሪ ልጅ ሦስተኛውን ጠየቀ።

ዘሀራ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ግራ ትንሽ ጠመም አለ። «አዎ፣ ደክሞኛል» አለች። «ክንዴ ዝሏል። እንካ ያዛት።»